የሙንዲር ቀኝ እጅ

በርበሬ ወፍጮ ቤት ውስጥ ፍቅር ይይዘኛል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ዓይን ያነባል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ሰው ቶሎ አስፈጭቶ ለመውጣት ነው የሚጣደፈው። የሐጂ ከድርን ልጅ ራጂያን ግን እዚያው ቡሬ፣ ከገበያው በላይ ባለው ወፍጮ ቤት፣ እያስነጠሳት ያዛት። ምን ይደረግ፣ ፍቅር ቦታ መርጦ አይመጣም።

የድንበሩ ጦርነት ካበቃ ገና ዓመቱ ነበር። ያኔ ቡሬ ላይ ባጃጅ የሚባል አልታወቀም፤ ጭነቱ ሁሉ በጋሪ ነው። ሐጂ ከድር በርበሬ ከባላገር እየገዙ ግማሹን በዛላው ወደ ሩቅ አገር ይልካሉ፣ ግማሹን አስፈጭተው ይሸጣሉ። ማስፈጨቱ የራጂያ ሥራ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ከዋለች ወዲህ አባቷ መጋዘኑን በእሷ ላይ ጥለውታል። ሰው ፊት «ወንድ ልጅ ቢኖረኝ እንደ እሷ አያግዘኝም» ይላሉ፤ ለእሷ ለራሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ብለዋት አያውቁም።

የዚያን ቀን ወፍጮውን የሚያስነሳው ሰው አዲስ ነበር። ቀጠን፣ ረዘም ያለ፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ወጣት ነው፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ሞተሩን በግራው ይዘውራል፣ ጆንያውን በግራው ይጎትታል፣ በግራው ቋጥሮ በጥርሱ ያጠብቃል። ራጂያ ተራዋን እየጠበቀች አየችውና፣ ምን ያለው ኩራተኛ ነው፣ ሥራ እንኳ በአንድ እጁ ይሠራል እንዴ አለች በልቧ። ተፈጭቶ ሲያልቅ ዱቄቱን ቋጥሮ ዘረጋላት። በግራው።

እሷም አልተቀበለችም።

በግራ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሕፃን ልጅ ገና ድኾ ሳይጨርስ «በቀኝህ» እየተባለ ነው የሚያድገው፤ በዚህ ሙስሊም ከክርስቲያን አይለይም። ስለዚህ ራጂያ እጇን አጣጥፋ ዓይን ዓይኑን አየችው። ወፍጮው እየጮኸ ነው፣ ቢነጋገሩም አይሰማሙም። እሱ ግን ገብቶታል። ፊቱ ደም መሰለ፤ ዱቄቱን መሬት ላይ አስቀመጠላት፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወደ ሞተሩ ዞረ።

ቤቷ የገባችው በግና ነው። ሲመሽ ንዴቱ ጠፍቶ ፊቱ ብቻ ቀረባት።

በሳምንቱ የተፈጨው በርበሬ ሳይሸጥ ሌላ ልታስፈጭ ተነሣች። እናቷ ዙለይካ፣ ያለው መቼ አለቀ ብላ ብትጠይቃት፣ ያኛው አልላመም አለቻት። እናት ናትና ልጇን ከእግር እስከ ራስ አየት አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ቃል ስለማይሰማ ሥራው ሁሉ የዓይን ነው። ስታነባ ያያትና መስኮቱን ይከፍትላታል። እሷ ሌሎች ሴቶች ተራዋን ቢቀድሟት ደስ ይላታል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸዋል፤ ዝምታው ያሳፍራቸውና እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እሱ ንጹሑን ወፍጮ ይጠርጋል። ስሙን እንኳ የነገረቻት ሌላ ሴት ናት። ሙንዲር ይባላል፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፣ ወፍጮው እዚያው የምትኖረው የአክስቱ የሳቢራ ነው፣ አየር ኃይል ነበር ይላሉ።

አየር ኃይል መባሉን ስትሰማ አብራሪ መሰላት። አፍ አውጥታ ብትጠይቀው ሳቀ። አሥር አለቃ ነበርኩ አላት፤ የሚያበሩት መኮንኖቹ ናቸው፣ እሱ ከኋላ ሆኖ የሄሊኮፕተሩን ሞተር የሚጠብቅ መካኒክ ነው። ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለማሳቅ ስትል የማትጠይቀው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጊያ ተበጠሰ። የቆሙት ሴቶች ዛሬስ አይሆንም ብለው እህላቸውን እየተሸከሙ ወጡ፤ ራጂያ ብቻ ቀረች። ሙንዲር አዲሱን ቺንጊያ በአንድ እጁ ቢጎትት አልገባ አለው። ደጋግሞ ሞከረ፤ ላቡ ወረደ። በመጨረሻ ሰው መኖሩን ረስቶ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ።

ራጂያ አየች። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል፤ ቆዳው ተጨማዶ ያብለጨልጫል። አንዳች ነገር ጨብጦ አልለቅም ያለ እጅ ነው። ማየቷን ሲያውቅ መልሶ ሊከተው አለ። እሷ ግን ምንም ሳትል ሄዳ የቺንጊያውን አንድ ጫፍ ያዘችለት። አብረው ጎተቱ፣ ገባ።

«በግራህ ስትሰጠኝ ንቀኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

እሱም ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ነገራት።

በጦርነቱ ጊዜ ከአንድ ተራራ ላይ ቁስለኞች ሊያነሡ ሄደው ነበር። ጭነው ሲነሡ ተመቱ። የሞተ የለም፤ ነገር ግን ከጣሪያው በላይ ያለው የዘይት ቱቦ ተሰንጥቆ የፈላው ዘይት ወደ ውስጥ ይረጭ ጀመር። ዘይቱ ካለቀ ከላይ የሚሽከረከረው ማርሽ ነክሶ ይቆማል፤ ማርሹ ከነከሰ ሄሊኮፕተር ማለት ድንጋይ ነው። ከታች ገደል ነው፣ ማረፊያ የለም። ሙንዲር ሸሚዙን አውልቆ ቱቦው ላይ ጠመጠመና በቀኝ እጁ ጨበጠው። ሸሚዙ ወዲያው ዘይት ጠጣ፤ እጁ በሸሚዙ ውስጥ ተቀቀለ። አብሯቸው የነበረው ሐኪም ልቀበልህ ቢለው እንቢ አለ፤ ለአፍታ ቢለቅ ስንጥቁ ሰፍቶ እንደማይያዝ ያውቃል። ሜዳ አግኝተው እስኪያርፉ ያዘ። ቁስለኞቹ ወረዱ፣ ሰዎቹ ሁሉ ወረዱ፤ እሱ ብቻ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። አብራሪው ተመልሶ መጥቶ ውረድ እንጂ ብሎ ተቆጣው። ጣቶቹ አልከፈት ብለውት ነበር። አንድ በአንድ እያላቀቀ ያወረደው ያ አብራሪ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ እንደ ልጅ እያለቀሰ።

«ሁሉም በሕይወት ቤታቸው ገቡ» አለ ሙንዲር። «እኔም ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ራጂያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። በርበሬው ነው አለችው። ወፍጮው እኮ ቆሟል አላት።

ቡሬ ላይ ስለዚህ እጅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ራጂያ አለች። ፍኖተ ሰላም የገባ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እየተንጋጋ መጥቶ፣ እጁን እያገላበጠ ዐይቶ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ ይወጣ ነበር። ከጦርነቱ ይልቅ ያ ከንፈር መምጠጥ ገደለኝ አላት። ወደ ቡሬ የሸሸው እሱን ነው። መስጊድም ከኋለኛው ረድፍ ጥግ ይዞ ይሰግዳል፤ ለነገሩ ሰው ሲሰግድ የሰው እጅ አያይም።

«ለማንም እንዳትነግሪ። ለአባትሽም።»

«ወላሂ አልናገርም» አለችው።

ጉድ ያፈላችው ያቺ መሐላ ናት።

የአረፋ በዓል ዕለት የሐጂ ከድር ቤት እንደ ልማዱ ሞላ። ከባላገር በርበሬ የሚያመጡላቸው የረጅም ዘመን ወዳጃቸው አያ አድማሴም መጥተዋል፤ እሳቸው ክርስቲያን ስለሆኑ ከሥጋው አይቀምሱም፣ ብርዝ ቀርቦላቸው ይጫወታሉ። ሙንዲር ከወፍጮ ቤቱ ጎረቤቶች ጋር ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሐጂ ስለ እሱ መልካም ነገር ሰምተዋል። ዱቄት የማያጎድል፣ ሰው የማያመናጭቅ ልጅ ነው ብለዋቸዋል። ባዶውን ቁጭ ማለቱን ሲያዩ ከሥጋው መርጠው አንድ ጎድን በገዛ እጃቸው ዘረጉለት። ትልቅ ክብር ነው፤ ለልጃቸው ባል እንኳ ቢሆን ከዚያ በላይ አያደርጉም።

ራጂያ ከጓዳው በር ሆና እያየች ነበር። ቀኙ ኪሱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየች። ያን ሁሉ ሰው ተመለከተና ተወው። ግራውን ዘርግቶ ተቀበለ።

ጨዋታው ቆመ። ሐጂ ምንም አላሉም፣ እንግዳ እንግዳ ነው። ፊታቸውን ወደ ሌላው አዞሩና እስኪወጣ ድረስ አላዩትም።

ሳቢራ ይህን ሳታውቅ በወሩ ራጂያን ለሙንዲር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ላከች። አያ አድማሴ፣ የሰፈሩ ሸህና አንድ ሌላ ሰው ሆነው የሐጂን ደጅ ረገጡ። መልስ ካልተሰጠን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሐጂም ቆመው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«በግራው ለተቀበለኝ ሰው፣ በቀኜ ልጅ አልሰጥም።»

በአገሩ ልማድ ሽማግሌ አንዴ ተመልሶ አይቀርም፤ ይመላለሳል፣ ይለምናል። ሐጂ ግን ዳግመኛ እንዳትደክሙ አሉ። ከመራዊ ደግሞ አንድ የእህል ነጋዴ ለልጁ ራጂያን እየጠየቀ ከርሟል። እስካሁን ቆይ ሲሉት ነበር፤ አሁን በሚመጣው ጁምዓ ማግስት ይምጡ ብለው ላኩ። ራጂያ ጓዳ ሆና ሰማች። እጁ እንዲህ ሆኖ ነው ብትል በአንድ ቃል ያልቅ ነበር፤ ግን ምላለች።

በማግሥቱ አባቷ የአያ አድማሴን በርበሬ አስመዝና እንድታመጣ ወደ ባላገር ላኳት። ግቢው ሙሉ ቀይ ዛላ ተሰጥቷል። ሽማግሌው ፊቷን አይተው ነገሩ አልጠፋቸውም። ያ ልጅ ባለጌ አይደለም አሏት፤ ባለጌ ቢሆን ከአረፋው ግብዣ አንገቱን ደፍቶ አይወጣም፤ አንድ የሸሸገው ነገር አለ። ራጂያ አጎንብሳ ዛላውን ማገላበጥ ያዘች። ዝምታዋን አይተው አያ አድማሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ይኸን ለእሱ ንገሪልኝ።»

በርበሬውን ጋሪ ላይ አስጭና መንገዷን ወደ ወፍጮ ቤቱ አደረገች። ሙንዲር ዕቃውን እየሰበሰበ አገኘችው። ወደ ነቀምት ሊሄድ ነው፤ እዚያም ወፍጮ አይጠፋም አላት። እሷም ቀኑ መቆረጡን ነገረችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ እጁን ለአባቷ እንዲያሳይ ለመነችው።

«በዚህ እጅ ሚስት አልለምንም» አለ። «ያን ቀን የያዝኩት ለሰው ነፍስ ብዬ ነው፣ በኋላ እንዲከፈለኝ አይደለም። አባትሽ ከንፈራቸውን መጥጠው ቢሰጡኝ ዕድሜ ልኬን እንደ ምጽዋት ነው የማይሽ።»

ራጂያ ንዴቷም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ብዙ የምትለው ነበራት፣ ሁሉም ጠፋትና የቀረው ይኸ ነው፤

«እሳት የሆነ ቱቦ ይዘህ አልለቀቅህም። እኔን ግን ሽማግሌ አንዴ ተመለሰ ብለህ ለቀቅኸኝ። ከቱቦው የበለጠ አቃጠልኩህ?»

ሙንዲር ወደ ዕቃው አጎነበሰ።

«እኔ መሐላዬን አላፈርስም። አባቴ ቢጠይቁኝ ዝም እላለሁ። መራዊ ቢሰዱኝም ዝም ብዬ እሄዳለሁ። የምትናገረው አንተ ነህ» ብላ ወጣች። ጋሪው ላይ እስክትወጣ ድረስ ይጠራኛል ብላ ነበር። አልጠራትም።

ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት አልሄደችም። እህል አልበላ አላት። ዙለይካ ሾርባውንም ገንፎውንም ሞከረችላት፤ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ትመልሳለች። ጁምዓ ደረሰ። ሰው ከመስጊድ ተመልሶ ገበያው ደርቷል፣ መጋዘኑ በባላገር ተሞልቷል፤ አያ አድማሴም ሒሳባቸውን ለመውሰድ መጥተው ከሐጂ ጎን ተቀምጠዋል። ራጂያ ከሴቶቹ ጋር በርበሬ እየቀነጠሰች ሳለ የሰላምታ ድምፅ ሰማች። ድምፁን ለየችው፤ ቀና ለማለት ግን ፈራች።

ሐጂ ሰላምታውን መለሱ፣ ግዴታ ነውና፤ ዓይናቸውን ግን ከሚዛኑ አላነሡም። ሙንዲር እስከ ፊታቸው ሄዶ ቆመ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሰው ሁሉ እያየ፣ ዘረጋላቸው።

«ሐጂ፣ ቀኜ ይኸውልዎ። አይከፈትም እንጂ፣ ነፍጌዎት አይደለም።»

ሐጂ እጁን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከሴቶቹ መካከል አንዷ እህህ ብላ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላዋም ተከተለቻት።

«ከንፈሩን የሚመጥ ከመጋዘኔ ይውጣልኝ» አሉ ሐጂ ሳይዞሩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ምን አግኝቶህ ነው ብለው ጠየቁት። ሙንዲር በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰው፤ ጦርነት ላይ ሄሊኮፕተራቸው ተመታ፣ የሚያፈስ ቱቦ ነበር፣ እስኪያርፉ ድረስ ያዘው። ስለ ሸሚዙ አልተናገረም፣ ስለሚያለቅሰው አብራሪም አልተናገረም።

«ሰዎቹስ?»

«ሁሉም ተርፈዋል።»

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

ራጂያ አንገቷን ደፋች። አባቷ ከዚያ በላይ አልጠየቋትም፤ መማሏን ከአደፋፏ ያወቁ ይመስላል። ጆንያ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ቆይተው፣ በል ወደ ሥራህ ሂድ አሉት። ሌላ ምንም የለም። ሙንዲር እጅ ነሥቶ ወጣ። ራጂያ በቃ አበቃ ብላ በርበሬው ላይ አጎነበሰች፤ ዓይኗን በበርበሬ እጇ ነክታው ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥላት ዋለ።

አላበቃም ነበር። ሐጂ ማታውኑ ለመራዊ ሰዎች አትምጡ ብለው ላኩ። በማግሥቱ አያ አድማሴንና ሸሁን ጠርተው አውቶቡስ ላይ አሳፍረው ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ሳቢራ ቤት ሰደዷቸው። የሴት አባት ለወንዱ ቤት ሽማግሌ ሲልክ ማን ሰምቶ ያውቃል? አያ አድማሴ መንገዱን ሁሉ ሲስቁ ሄዱ አሉ። ሳቢራም ቀልደኛ ናት፤ ለሐጂ ቤት የላከቻቸው ሽማግሌዎች ቆመው እንደተመለሱ አልረሳችምና፣ እስኪ እናንተም ትንሽ ቁሙልኝ ብላ በራፍ ላይ አቆየቻቸው። መልእክቱ አጭር ነው። ከድር እንግዳውን በገዛ ቤቱ አሳፍሯል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልጁ አሁንም ከፈለገ ይምጣ።

ሙንዲር ከንፈር ተመጦለት እንደሆነ ሳያውቅ እሺ አላለም። ራሱ ቤታቸው መጥቶ ሐጂን ፊት ለፊት ጠየቃቸው፤ ልጅዎን ለእጄ ብለው ከሆነ የሚሰጡኝ ይቅርብኝ አላቸው። ራጂያ ከጓዳ ሆና ትንፋሿን ይዛ ሰማች።

«ለእጅህ አይደለም» አሉ ሐጂ። «ያን ሁሉ ሰው ስታድን እኔ አላየሁም፤ አላህ ነው ያየህ፣ ዋጋውም ከእሱ ዘንድ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ስታፍርበት፣ ስትሸሽገው የኖርከውን፣ ለልጄ ስትል በጠራራ ፀሐይ ገበያ መሀል አወጣኸው። እኔ ሽማግሌው ብሆን አላደርገውም።»

ዙለይካ ይህን ስትሰማ ልጇን ገፋ አድርጋ ውሃ ስጪው አለቻት። ራጂያ ወጥታ ውሃውን ዘረጋችለት። በግራው ተቀበላት፤ ማንም ምንም አላለም።

ኒካሁ በሐጂ ቤት ሆነ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። ያኔ በአረፋ የነበሩት ሁሉ ተጠርተዋል፤ ሐጂ አንድ ሰው እንዳይቀር ብለው ነበር። ሙንዲርና ሐጂ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሸሁ ቀኝ ለቀኝ ተያያዙ አሏቸው። ሙንዲር ጭንቅ አለው፤ እጁ እንደ ሌላ ሰው አይጨብጥም። ሐጂ ግን ጣቶቻቸውን ሰብስበው በታጠፉት ጣቶች መካከል ቀስ አድርገው አስገቡ። ሸሁ እጃቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገው ዱዓ አደረጉ።

«ልጄን ራጂያን ዳርኩህ» አሉ ሐጂ።

«ተቀበልኩ።»

ሦስት ጊዜ ተባለ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ራጂያ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ እያየች ነበር፤ ሙሽራ አታይም ብትባልም ማን ይሰማል።

ጨርቁ ተነሣ። የተምሩ ሳህን መዞር ጀመረና መጀመሪያ ሐጂ ፊት ደረሰ። ቀኛቸው ሙንዲር እጅ ውስጥ ነው፤ የታጠፉት ጣቶች በጭንቁ ይበልጥ ጠብቀው ይዘዋቸዋል። ሙንዲር አፍሮ በግራው ሊያላቅቃቸው ሞከረ።

«ተወው ልጄ፣ እዚያው ይሁን» አሉት።

ያን ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ቃኙና፣ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ተምሯን ተቀበሉ።

አያ አድማሴ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ፣ ዙለይካ ከመጋረጃው ወዲያ እልል አለች፤ ሳህኑ ዞረ፣ ሰውም እየተሳሳቀ፣ አንዱ ከአንዱ እያየ፣ በግራው እያነሣ በላ። ሙንዲር ቀና ብሎ ወደ መጋረጃው ተመለከተ። ራጂያም አልሸሸችውም።